ርካሹ ትኬት አውሮፓ ላይ ሲያተርፍ አሜሪካ ላይ የከሰረው ለምንድን ነው?

ጠያቂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ተከራክረን ያልተስማማንበትን ነገር ወደዚህ አምጥቻለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ራያንኤር በማርች 2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት 200 ሚሊዮን መንገደኞች አጓጉዟል፤ በአውሮፓ እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰ የመጀመሪያው አየር መንገድ ነው። የአሜሪካው ስፒሪት ደግሞ በኖቬምበር 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ በማርች 2025 ወጣ፣ መንፈቅ ሳይሞላው በኦገስት ተመልሶ ገባ። የሁለቱ ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት አውሮፕላን መሥራቱ፣ የተጠጋጉ መቀመጫዎች፣ ከወንበሩ በቀር ምንም የማያካትት ትኬት፣ ሻንጣውም ውሃውም መቀመጫ መምረጡም በየራሱ ሒሳብ። ወዳጄ «አሜሪካዊ ምቾት ስለለመደ ርካሽ ነገር አይወድም» ይላል። ርካሽ የማይወድ ሕዝብ የት አለ? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሒሳብ መዝገብ፦

ወዳጅህ የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ ስፒሪት በ2010ዎቹ አጋማሽ ከአገሪቱ አየር መንገዶች ሁሉ ከፍተኛ የትርፍ ህዳግ ካላቸው አንዱ ባልሆነም ነበር። መንገደኛው ያው ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ዋጋ መቀነስ ለማንም አይከብድም፤ ከባዱ በተቀነሰው ዋጋ ከርሞ መገኘት ነው። ስለዚህ የትኬቱን ዋጋ ለጊዜው እንተወውና አንዲትን መቀመጫ አንድ ኪሎ ሜትር ለማብረር የሚወጣውን ወጪ እንመልከት። ርካሽ አየር መንገድ የሚኖረው በእሱና በትልቁ ተፎካካሪው ወጪ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ይወፍራል፣ ሲጠብ ይታነቃል። አሜሪካ ውስጥ ክፍተቱ ከሁለቱም በኩል ጠበበ።

በአንድ በኩል ከወረርሽኙ በኋላ አብራሪ ጠፋ። ትልልቆቹ ደመወዝ ከፍ ሲያደርጉ ስፒሪትም አብራሪዎቹን እንዳይነጠቅ መከተል ግድ ሆነበት። አንድ ዓይነት ፈቃድ የያዘ ሰው በግማሽ ደመወዝ አይቀመጥልህም። በሌላ በኩል ትልልቆቹ የስፒሪትን ትኬት ቀዱት። ዴልታ በ2012 ከስፒሪት ጋር በሚጋጠምባቸው መስመሮች ላይ «መሠረታዊ ኢኮኖሚ» የሚባለውን የተራቆተ ትኬት ጀመረ፤ አሜሪካን ኤርላይንስና ዩናይትድ በ2017 ተከተሉ። መንገደኛው ዋጋ ሲያወዳድር ከስፒሪት ጎን ለጎን የዴልታን ስም በተቀራራቢ ዋጋ ያያል። በየሰዓቱ የሚነሳ በረራ ያለውን፣ ቢሰረዝበት በሌላ አውሮፕላን የሚያሳፍረውን ይመርጣል። ማን ይፈርድበታል?

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ዴልታ ከኋላ ባሉት ጥቂት ወንበሮች ላይ ባያተርፍም አይጎዳም። ከፊት የተቀመጡት ከፍለውለታል። ከዚያ በላይ ደግሞ የነጥብና የክሬዲት ካርድ ገንዘብ አለ፤ ካርድ አውጪው ለደንበኞቹ የሚሰጠውን የበረራ ነጥብ ከአየር መንገዱ ይገዛል፤ በ2024 ከካርድ አውጪው ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ብቻ 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገብቶለታል። ስፒሪት ወንበር ይሸጣል፤ ዴልታ ወንበሩን ለካርዱ ማባበያ ያደርገዋል። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ይመስላሉ እንጂ የሚነግዱት አንድ ሸቀጥ አይደለም።

አስፋልት ላይ፦

እኔ የምሠራው ከአውሮፕላኑ ሥር ነው፤ ጭነትና ማውረድ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። «የሒሳብ መዝገብ» የጻፈውን ወጪ በዓይን ለማየት የፈለገ ሰው አንድ ርካሽ አየር መንገድ ሲያርፍ ቆሞ ይመልከት።

ከማረፍ እስከ መነሳት የሚሰጠን 25 ደቂቃ ነው። ጎማው ሥር ታኮ ገብቶ ሞተሩ ሳይበርድ የፊተኛው መሰላል ከራሱ ከአውሮፕላኑ ሆድ ይወጣል፤ የኤርፖርት ድልድይ መከራየት የለም፣ የድልድይ ሠራተኛ መጠበቅም የለም። የኋላውን መሰላል እኛ እናስጠጋለን። በሁለት በር ስለሚወርዱ ባለ 189 መቀመጫው ቦይንግ 737 በጥቂት ደቂቃ ባዶ ይሆናል። በዚያው ቅጽበት የጭነት በሩ ተከፍቷል፤ 737 ላይ ኮንቴይነር የለም፣ ሻንጣው አንድ በአንድ በእጅ ነው የሚወጣው። ውስጥ አንድ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ተንቀሳቃሹ ቀበቶ ይወረውራል። ሻንጣ ሲያንስ የእኛም ቁጥር ያንሳል፤ ትልቅ አየር መንገድ ላይ ለተመሳሳይ አውሮፕላን ከእኛ የበዙ ሰዎች ይመደባሉ።

ጽዳቱን የሚሠሩት አስተናጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። ወንበሩ ላይ ኪስ የለም። ኪስ ከሌለ ሶፍትና ጋዜጣ የሚወሸቅበት የለም፤ የደኅንነት መመሪያውም ከፊት ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ወንበሩ ወደ ኋላ አይተኛም፤ የማይተኛ ወንበር ደግሞ የሚሰበር ማጠፊያ የለውም። ቀጣዮቹ መንገደኞች የመጨረሻው ሰው ሳይወርድ ታች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ዝናብም ቢሆን።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። አንድ አውሮፕላን በቀን ስድስት ጊዜ ቢነሳና በየማረፊያው 20 ደቂቃ ቢቆጥብ ወደ ሁለት ሰዓት ያተርፋል። ሁለት ሰዓት ማለት አንድ ተጨማሪ አጭር በረራ ነው፤ ለዚያውም አዲስ አውሮፕላን ሳይገዛ። በተቃራኒው ጠዋት የዘገየ አሥር ደቂቃ እየተንከባለለ ማታ ላይ የበረራ ቡድኑን የሥራ ሰዓት ይጨርስና የመጨረሻው በረራ ይሰረዛል። በር ላይ ሻንጣው መለኪያው ውስጥ አልገባ ያለው መንገደኛ ሲጨቃጨቅ እኛ ታች ሆነን የምንቆጥረው ደቂቃውን ነው።

ተራ ተሳፋሪ፦

ወንድሜ፣ ድካምህን አከብራለሁ። ግን ያ በዝናብ የተሰለፈው ሰው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ከትኬቱ የበለጠ ለሻንጣ ከፍዬ ተሳፍሬያለሁ። ከተማዋ ደርሻለሁ ብዬ ስወርድ ደግሞ ከተማዋ የለችም! ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው ማረፊያ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ፓሪስ ቦቬም ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡሱ ጉዞ መሐል ትኬቱ በእርግጥ ርካሽ ነበር ወይ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ይህ ስልት ነው ወይስ ዋጋውን ከዓይን መደበቅ?

የሒሳብ መዝገብ፦

እህቴ፣ ሁለቱም ነው። ማማረርሽ ትክክል ነው፤ ግን ክፍያው ከገቢነት ሌላ የሚሠራው ሥራ አለ፤ የሰውን ልማድ ይለውጣል። ለሻንጣ ሲከፈል ሰው ሻንጣ ይቀንሳል፣ ሻንጣ ሲቀንስ አስፋልት ላይ ያለው ወንድማችን እንዳለው የሰው ኃይል ይቀንሳል፣ ደቂቃውም ያጥራል። ኤርፖርት ላይ የመሳፈሪያ ወረቀት ማሳተም በገንዘብ ሲሆን ሰው ቤቱ ጨርሶ ይመጣል፣ መስኮቶቹና ጸሐፊዎቹ አያስፈልጉም። ከራያንኤር ገቢ ሲሶ ያህሉ ከትኬት ውጪ የሚገኝ ነው። በ2025 መገባደጃ ላይ ደግሞ መጠኑን ያለፈ ሻንጣ ለሚይዙ ሠራተኞች የሚሰጠውን ጉርሻ በአንድ ሻንጣ ከ1.50 ወደ 2.50 ዩሮ ከፍ አድርጓል። አስጠሊታ መሆኑን እቀበላለሁ። ከሒሳብ አንጻር ግን ያልተጠበቀ አይደለም።

የማረፊያ ነገር፦

ከክፍያው ይልቅ ያ የራቀው ኤርፖርት ነው የጥያቄው ቁልፍ። ምክንያቱን ማንም ስላላብራራው ልጻፈው።

ሃን የቀድሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ነው። ወታደሩ ሲወጣ ማኮብኮቢያው ቀረ፣ መንገደኛ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለ ማረፊያ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም አንድ አካባቢያዊ መስተዳድር ከበስተጀርባው ቆሞ «ሥራ ፈጠርኩ» ለማለት የሚጓጓ። ራያንኤር ይህን ከማንም ቀድሞ ገባው። ኤርፖርቶቹን እርስ በርስ ያጫርታል። የማረፊያ ክፍያውን ማን ይቀንሳል? አዲስ መስመር ለማስተዋወቅ ማን ገንዘብ ይሰጣል? አንዱ አገር ታክስ ሲጨምር አውሮፕላኖቹን አንሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ይህንንም በጋዜጣ ያስነግራል፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ። ቤልጅየም ውስጥ በሻርልሯ ማረፊያ ያገኘው ውል እስከ አውሮፓ ኮሚሽን ደርሶ ነበር። ኮሚሽኑ በ2004 ከፊሉን ሕገ ወጥ ድጎማ ነው ብሎ ወሰነበት፤ ፍርድ ቤት በ2008 የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረው።

የዚህ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ወጪው ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ከትልቁ ተፎካካሪ ጋር ፊት ለፊት አይጋጠምም። ስፒሪት ግን በፎርት ላውደርዴል፣ በኦርላንዶ፣ በላስ ቬጋስ ሌሎቹ ሁሉ በሚያርፉበት ማኮብኮቢያ ላይ ነበር። ከወረርሽኙ በኋላ ሁሉም ለመዝናኛ ጉዞ ወደ እነዚሁ ከተሞች ወንበር ሲያግዝ ዋጋው ወደቀ፣ መጀመሪያ የሚሰምጠውም ሌላ ገቢ የሌለው ሆነ።

«አሜሪካ ላይ አይሠራም» ለሚለው ደግሞ አሌጂያንት አለ። ከትናንሽ ከተሞች ተነሥቶ ወደ መዝናኛ ቦታዎች ይበራል፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ። በአብዛኞቹ መስመሮቹ ላይ ቀጥታ የሚወዳደረው የለም። እስከ 2018 ድረስ ያረጁ ኤምዲ-80 አውሮፕላኖችን በርካሽ ገዝቶ ያበር ነበር፤ ነዳጅ ይጠጣሉ፣ ግን ማክሰኞ ቆመው ቢውሉ የሚቆጠርባቸው ዕዳ የለም። ራያንኤር አንዲት ደቂቃ እንዳትባክን ሲታገል አሌጂያንት አውሮፕላን አቁሞ ያተርፋል። ስለዚህ «ሞዴሉ» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ ያሳስተናል።

የድሮ ሰው፦

ልጆች፣ ይህ ጠብ አዲስ አይደለም። ሳውዝዌስት በ1971 በረራ ሲጀምር በሦስት የቴክሳስ ከተሞች መካከል ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ተፎካካሪዎቹ ለዓመታት በፍርድ ቤት አስረውታል። በ1972 ገንዘብ አጥሮት ከአራቱ አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ፤ በሦስቱ የአራቱን ፕሮግራም ለመሸፈን ሲሉ ነው አውሮፕላንን በአሥር ደቂቃ ማስነሣት የተጀመረው። ዛሬ የንግድ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ያ ብልሃት ከችግር የተወለደ ነው።

በ1973 ብራኒፍ የሚባለው ተፎካካሪ አየር መንገድ ከዳላስ ሂውስተን ያለውን ትኬት በግማሽ ቀንሶ 13 ዶላር አደረገው፣ ሳውዝዌስትን ሊያንቅ። ሳውዝዌስት «13 ዶላር ክፈሉ፤ ወይም ሙሉውን 26 ከፍላችሁ አንድ ጠርሙስ መጠጥ በነፃ ውሰዱ» አለ። አብዛኛው በድርጅቱ ሒሳብ የሚጓዝ የሥራ ሰው ነበርና ድርጅቱ 26ቱን ይከፍላል፣ ሰውየው ጠርሙሱን ይዞ ይገባል። ሳውዝዌስት ለተወሰነ ጊዜ የቴክሳስ ትልቁ የመጠጥ አከፋፋይ ሆኖ ነበር ይባላል።

ያልተረፈው ደግሞ ፒፕል ኤክስፕረስ ነው። በ1981 ከኒውዋርክ ተነሣ፣ እንደ እሳት ተስፋፋ። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1985 ኮምፒውተሩን ይዞ መጣበት፤ በእያንዳንዱ በረራ ላይ ባዶ ሊቀሩ የሚችሉትን ወንበሮች አስቀድሞ እየገመተ እነሱን ብቻ በፒፕል ኤክስፕረስ ዋጋ ሸጠ፣ የቀሩትን በመጨረሻ ሰዓት ለሚመጣው ነጋዴ በውድ አቆየ። ፒፕል ኤክስፕረስ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረውም። በ1987 በኮንቲኔንታል ተዋጠ። ዴልታ በ2012 ያደረገው የዚያ ልጅ ነው።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ ስለ ጠርሙሱ አመሰግናለሁ፤ ለወዳጄ እነግረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ትልልቆቹ ትኬቱን ከመቅዳት ይልቅ ለምን የራሳቸውን ርካሽ አየር መንገድ አያቋቁሙም?

የሒሳብ መዝገብ፦

አቋቁመዋል፣ መቃብሩ ሰፊ ነው። ኮንቲኔንታል ላይት፣ ሻትል ባይ ዩናይትድ፣ የዴልታው ሶንግ፣ የዩናይትዱ ቴድ፤ ሁሉም ተዘግተዋል። ቀለሙን ቀየሩ፣ ስሙን አሳጠሩ፣ አብራሪው ግን ያው በያው የሠራተኛ ማኅበር ውል፣ ጥገናው በያው ሃንጋር። ርካሽ የሆነው ትኬቱ ብቻ ነበር።

የተሳካላቸው የተለየ ሠራተኛ፣ የተለየ አመራርና የተለየ ውል የሰጧቸው ናቸው፤ የኳንታሱ ጄትስታር ከ2004 ጀምሮ፣ የሲንጋፖር አየር መንገድ ስኩት ከ2012 ጀምሮ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ «ጎ» የሚባለውን በ1998 አቋቁሞ ነበር፤ ከእጁ ካወጣው በኋላ በ2002 የገዛው ኢዚጄት ነው፤ ማለትም ለተፎካካሪው አሳድጎ ሰጠ።

ኮክፒት፦

እኔ ከፊት የምቀመጠው ነኝና ያልተባለውን ልበል። «አስፋልት ላይ» የገለጸው ሥርዓት ውብ ነው፣ ግን ተወጥሮ የተያዘ ክር ነው፤ ሲበጠስ ከአንድ ቦታ አይደለም የሚበጠሰው።

ራያንኤር በ2017 የአብራሪዎችን የዕረፍት ፕሮግራም አበላሽቶ ሺህዎች በረራ ሰረዘ፤ ለዓመታት አልነጋገርም ሲላቸው የኖሩትን ማኅበራት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለመቀበል ተገደደ። ሳውዝዌስት በዲሴምበር 2022 በገና ሰሞን 16,700 ያህል በረራ ሰርዞ 140 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ አውሎ ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነበር፣ ሌሎቹ በቀናት ውስጥ ሲያገግሙ እሱ አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ የትኛው ከተማ እንዳሉ ማወቅ ተስኖት ነበር። የሕንዱ ኢንዲጎ በዲሴምበር 2025 አዲሱ የአብራሪዎች የዕረፍት ደንብ ሲጠብቅ በቂ ሰው ሳያዘጋጅ ቀርቶ ሺህዎች በረራ ሰረዘ። ከሕንድ የአገር ውስጥ ገበያ ከ60 በመቶ በላይ የያዘ ድርጅት ሲቆም የሚተካው አይኖርም።

የሒሳብ መዝገብ ስለ መቀመጫ ወጪ ሲጽፍ ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል? ትርፍ ሰው ማስቀመጥ ብክነት ይመስላል፤ እስከ ገና ድረስ።

የሒሳብ መዝገብ፦

በትክክል የሚገባበት ዓምድ የለም፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሚዘነጋው። እዚህ ላይ አልከራከርህም።

የማረፊያ ነገር፦

ስለ አውሮፕላን ግዥም አንድ ነገር። ሁሉም «አንድ ዓይነት አውሮፕላን» ይላል፤ አብራሪው፣ መለዋወጫው፣ መካኒኩ አንድ ይሆናል፣ ትክክል። ከዚያ የሚበልጠው ግን መቼ ተገዛ የሚለው ነው። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ ሁሉም ትዕዛዙን ሲሰርዝ ራያንኤር በጃንዋሪ 2002 መቶ 737-800 አዘዘ። ቦይንግ ያኔ ደንበኛ ቸግሮት ነበር። ኢንዲጎም ገና አንድ በረራ ሳያደርግ በ2005 መቶ የኤርባስ ኤ320 አውሮፕላኖች አዘዘ፤ በጅምላ ያገኘውን ዋጋ ይዞ አውሮፕላኖቹን ለአከራዮች ሸጦ መልሶ ይከራያቸዋል፣ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ይቀራል።

የአንድ ዓይነቱ ጉዳት በ2023 ታየ። ሞተር ሠሪው ፕራት ኤንድ ዊትኒ «ኒዮ» ለሚባሉት አዲሶቹ ኤ320ዎች በሚሠራቸው ሞተሮች ውስጥ የብረት ዱቄት ጉድለት መገኘቱን ሲያስታውቅ ስፒሪትና የሃንጋሪው ርካሽ አየር መንገድ ዊዝ ኤር ብዙ አውሮፕላኖቻቸውን ለወራት አቆሙ። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። ስፒሪት በዚያው ላይ ከሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ከጄትብሉ ጋር ሊያደርግ የነበረው የ3.8 ቢሊዮን ዶላር ውህደት በጃንዋሪ 2024 በፍርድ ቤት ታገደ። ፍርዱ የተሰጠው ርካሽ ትኬት እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። ዓመት ሳይሞላ ኪሳራ! እኔ ዳኛው ሕጉን በትክክል ተርጉሟል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ሕጉ ተፎካካሪን ከመዋጥ ያድናል እንጂ ከመሞት አያድንም።

ተራ ተሳፋሪ፦

ሳውዝዌስት ደግሞ ነፃ ሻንጣውን በሜይ 2025 አቆመ፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮም እንደፈለጉ መቀመጥ ቀርቶ መቀመጫ በቁጥር ሆነ። ያንን አየር መንገድ የሚወዱት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነበር። አሁን ከሌሎቹ በምን ይለያል?

የድሮ ሰው፦

በምንም፣ ልጄ። ባለአክሲዮኖቹ ከሻንጣ የሚገኘውን ገንዘብ ቆጠሩ፤ በነፃው ሻንጣ ምክንያት የሚመጣውን መንገደኛ ለመቁጠር ግን ይከብዳል። እስከ 2019 ድረስ 47 ዓመት በተከታታይ አትርፏል፤ ያንን ያመጣው ልማድ ነው የተጣለው።

የሒሳብ መዝገብ፦

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የሳውዝዌስት ወጪ ከትልልቆቹ ጋር ከተቀራረበ ቆይቷል፤ ወጪው የርካሽ ካልሆነ ነፃ ሻንጣ በጎ አድራጎት ነው። ዘግይቷል ቢሉ እስማማለሁ።

ጠያቂው፦

ለወዳጄ የምወስደው መልስ አገኘሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ዊዝ ኤር ከአቡዳቢ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ለምንድን ነው? ገበያው ሰፊ አይደለም እንዴ?

አስፋልት ላይ፦

ከኩባንያው መግለጫ ያነበብኩትን እነሆ፤ ያ የኒዮ ሞተር በሙቀትና በአቧራ ቶሎ ይጎዳል፣ ቶሎ ቶሎ ከክንፉ እየወረደ ወደ ጥገና ይሄዳል። በዚያ ላይ የአካባቢው አለመረጋጋትና የበረራ ፈቃድ ያለማግኘት ችግር። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ1997 ወዲህ አንድ የኅብረቱ አየር መንገድ ከፈለገው ከተማ ወደፈለገው ይበራል፤ ከዚያ ውጪ አብዛኛው ዓለም አቀፍ መስመር በሁለት መንግሥታት ስምምነት ነው የሚከፈተው፣ ስምምነቱም ብዙ ጊዜ የአገሩን አየር መንገድ ይጠብቃል። አውሮፕላን ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር በማይቻልበት ኤርፖርትን ማጫረት አይቻልም። በ25 ደቂቃ ብናስነሣላቸውም የሚሄዱበት መስመር ከሌለ አውሮፕላኑ እኛው ጋ ቆሞ ነው የሚውለው።